አራቱ ፓምፖችና የአንሊስ ግራ ትከሻ

ሮተርዳም ውስጥ ባለው የጠመንጃ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ሄንክ እጄን ጨብጦ ወደ ጓሮው ወርክሾፕ አስገባኝ። የቤቱ ባለቤትም ዋናው ጠጋኝም እሱ ነበር፤ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሰው። እኔ "እርስዎ" እያልኩ ስጀምር አቋረጠኝና እዚህ ቤት ሁሉም "አንተ" ነው፣ የምናከብረው ጠመንጃውን ነው አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ አራት ፓምፖች ተደርድረው ነበር። ፓምፕ የምንለው ከአፈሙዙ ሥር ያለው እጀታ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት ሲመለስ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ አዲስ ጥይት የሚያጎርሰውን ሾትገን ነው። ሄንክ እያንዳንዱን ከፍቼ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም እንዳረጋግጥ አደረገኝ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍንና አንድ በአንድ ሳባቸው አለኝ።

ሳብኳቸው። የመጀመሪያው ሰም እንደተቀባ መሳቢያ ተንሸራተተ። ሁለተኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ ቁልፍ ተንኳኳ። ሦስተኛው እጄን ቀድሞኝ ሄደ። አራተኛው ድምፁ የታፈነ ነበር፤ የሚያጎርሰው ሆዱ ውስጥ ይመስል ነበር።

የትኛውን ወደድክ አለኝ። የመጀመሪያውን አልኩት።

"የመጀመሪያውን ሁሉም ይወዳል" አለ። "ሌሎቹን ሰው ለምን እንደሚወዳቸው ስታውቅ ያን ጊዜ ሙያተኛ ትሆናለህ።"

እኔ የአስመራ ልጅ ነኝ። ቶርኖ፣ ብረት እያዞረ የሚቀርጸውን ማሽን፣ የተማርኩት እዚያው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ እጄን ያፍታታሁት ግን አዲስ አበባ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ቤት ነው። ሆላንድ ከመጣሁ በኋላ ቭላርዲንገን ወንዙ ዳር የመርከብ ዕቃ በሚጠገንበት ቤት ብዙ ዓመት ሠራሁ። እዚያ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሄንክ ጥሩ የቶርኖ ሰው እንደሚፈልግ የነገረኝ።

ባለቤቴ ለተብርሃን ወሬውን ስትሰማ ድስቱን እያማሰለች ነበር። ዞር እንኳ ሳትል፣

"ጠመንጃ ሸሽተን ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን፣ አንተ ጠመንጃ ቤት ትቀጠራለህ?" አለችኝ።

ደንበኞቹ ገበሬዎች፣ አዳኞችና የኢላማ ስፖርተኞች መሆናቸውን፣ እያንዳንዱ የፖሊስ ፈቃድ እንዳለው፣ ማታ ማታ ሁሉም ነገር የብረት ካዝና ውስጥ እንደሚቆለፍ አስረዳኋት። ሰማችኝ። ልብሴን በር ላይ እንድቀይርና የጠመንጃ ዘይት ሽታ ወደ ቤት እንዳላስገባ ብቻ ነገረችኝ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ወደ ሱቁ አልመጣችም፤ እኔም ነይ አላልኳትም።

ሄንክ ለአራቱ ስም አውጥቶላቸው ነበር። የመጀመሪያውን "ሽማግሌው" ይለው ነበር። አካሉ ከአንድ ወጥ ብረት የተፈለፈለ አሜሪካዊ ነው። ክብደት አለው፤ ክብደቱ ደግሞ ምቱን ይውጥለታል። ሲተኮስ ትከሻን ይገፋል እንጂ አይማታም። እጀታውን ከመዝጊያው የሚያገናኙት ዘንጎች ሁለት ስለሆኑ ሲሳብ አይጣመምም። ጠላቱ የዚህ አገር እርጥበት ነው። ፖልደር ውስጥ፣ ማለትም ውኃው ተመጥጦ በደረቀው ረግረግ እርሻ፣ ውሎ የመጣ ሽማግሌ በዚያው ቀን ካልተወለወለ ዝገት ያወጣል።

ሁለተኛው "ቀላሉ" ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው። ሄንክ ሲናደድበት "የብስኩት ቆርቆሮ" ይለዋል። እጀታው ይወዛወዛል፣ ሲነቀነቅም ይንኳኳል። እኔ ግን ፈትቼ ስገጥመው ወደድኩት። የሚንኳኳው በክፍሎቹ መካከል ክፍተት ስላለ ነው፤ ክፍተት ስላለው ደግሞ አሸዋ አያስቆመውም። መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚቆልፈው መጠበቂያ ከአካሉ ጀርባ፣ አውራ ጣት ራሱ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ቀኝ ሆነ ግራ፣ ለሁሉም እጅ እኩል ነው።

ሦስተኛው "ጣሊያኑ" ነው። መዝጊያው ዞሮ ይቆለፋል። በተተኮሰ ቁጥር እጀታው በራሱ ፈቃድ የሚመለስ ነው የሚመስለው። ከእሱ የሚፈጥን ፓምፕ በእጄ አላለፈም። ለውድድር የሚተኩሱ ልጆች ይሞቱለታል። ግን መለዋወጫው እስኪመጣ ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ አንዳንዱን ክፍል እኔው ቶርኖ ላይ ቀርጬ አበጅቼለታለሁ።

አራተኛው "ከታች ጣዩ" ነው። ጥይት የሚገባበትም ቀለህ የሚወጣበትም ሆዱ ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ ነው። ጎኑ ድፍን ስለሆነ ዝናብና ገለባ አይገባበትም። ቀለሁ እግር ሥር ስለሚወድቅ ለመልቀም ሣር ለሣር መዞር የለም። መፍታቱ ግን ፈተና ነው። እሱን ስንፈታ ሄንክ ራዲዮውን ያጠፋ ነበር።

አንሊስ የመጣችው እነዚህን አራቱን እንደ ልጆቼ ካወቅኋቸው በኋላ ነው። ከአምስተልቨን ወጣ ብሎ የምትኖር የገበሬ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ሥራዋ እርሻን ከዱር ዝይ መጠበቅ ነበር። በዚያ አካባቢ ዝይ የተዘራውን ሁሉ ይግጣል፤ ሲነሣ ደግሞ ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ለሚወጡ አውሮፕላኖች አደጋ ነው። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬዎች እየተኮሰ መንጋው እንዳይለምድ የሚያደርግ ሰው ይፈልጋሉ። እሷን ያምኗታል።

የራሷን "ሽማግሌ" ጠመንጃ ከነማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በወጣትነቷ ከሄንክ የገዛችው ነው። የቀኝ ዓይኗ ውስጥ ደም ፈስሶ ብርሃኑ እንደጠፋ፣ ሐኪሙም አይመለስም እንዳላት ነገረችን። አላለቀሰችም። ባሏ ተይው እንዳላት፣ እሷ ግን በግራ ዓይኗ አልማ በግራ ትከሻዋ ልትሞክር እንደምትፈልግ፣ ካልሆነላት ፈቃዷን እንደምትመልስ ነገረችን።

እሷ ከሄደች በኋላ ከሄንክ ጋር ተከራከርን። የቀኝ እጅ ጠመንጃ ቀለሁን ወደ ቀኝ ይጥላል። በግራ ትከሻ ሲተኮስ ቀለሁ በፊት ለፊት ያልፋል። እሱ ከታች ጣዩ ነው የሚሆናት አለ። እኔ ቀላሉን መረጥኩ፤ ምክንያቴ መጠበቂያው ነበር። ግራ እጇ ገና አልለመደም፣ መጠበቂያ ፍለጋ ጣቷ ሲዳብስ አደጋ ይመጣል አልኩት። ሄንክ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ። ሁለቱንም እንወስዳለን አለ።

ከዴን ሃግ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የባሕሩ አሸዋ ኮረብታዎች አጠገብ፣ የሸክላ ኢላማ የሚተኮስበት ሜዳ አለ። እዚያ ወሰድናት። በራሷ ሽማግሌ ጀመረች። ቀለሁ በፊቷ ባለፈ ቁጥር ፊቷን አዞረች። ቀላሉን ይዛ ስትሞክር አውራ ጣቷ መጠበቂያውን ወዲያው አገኘው፤ ቀለሁ ግን ያው በፊቷ ያልፋል፣ ክብደት ስለሌለውም ትከሻዋን መታት። ከታች ጣዩን ስትይዝ ፊቷ ረጋ። ሆኖም አንዱን ሸክላ ስታ፣ ለሁለተኛው ስትስብ እጀታው መሐል ላይ ቆመባት። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ቆመባት። ነፋሱ ፀጉሯን ዓይኗ ላይ ይጥለዋል። ጠመንጃውን ከፍታ አጣርታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

"በቃኝ" አለች። "ሰኞ ፈቃዱን እመልሳለሁ።"

እኔ የማጽናኛ ቃል ፈለግኩ። ሄንክ ግን አላባበላትም።

"እጀታውን በየትኛው እጅሽ ነበር የምትስቢው?" አላት።

"በግራ። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ።"

"ቀኝ እጅሽ ዛሬ ጀመረ። እንደ ጀማሪ ቁጠሪው እንጂ አትሳደቢው።"

ያየው ነገር እኔ ያላየሁት ነበር። እኔ ዓይኔ ጠመንጃው ላይ ነበር፤ እሱ ክርኗን ነበር የሚያየው። ቀኝ ክንዷ ፈርቶ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ፓምፕ ደግሞ ሙሉ መሳብ ይፈልጋል፤ ግማሽ ከሳቡት ግማሽ ይሠራል። አራቱም በዚህ አንድ ናቸው።

ሰኞ ወደ ፖሊስ አልሄደችም። ወደ እኛ መጣች። ሄንክ ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ሰጣትና ለጊዜው መተኮስ ከልክያለሁ አላት። ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ቴሌቪዥን እያየች፣ ክንዷ ሳያስብ እስኪስብ ድረስ ብቻ ትሳብ። ለልምምዱም የገዛ ሽማግሌዋን ሸጣ ከታች ጣዩን ወሰደች።

ከመውሰዷ በፊት እኔ ሠራሁበት። ሄንክ ጠጋ ብሎ "ያንተ የብስኩት ቆርቆሮ ስለ መጠበቂያው ትክክል ነው" አለኝ። የዚህ ጠመንጃ መጠበቂያ ከምላጩ ኋላ በኩል የሚገፋ ቁልፍ ነው፤ የተሠራውም ለቀኝ ጣት ነው። ለግራ ጣቷ የሚሆን ቶርኖ ላይ ቀረጽኩላት፣ በሞረድ አስተካከልኩት፣ ጣቷ በጓንትም እንዲያገኘው ጫፉን አሻከርኩት። ሰደፉንም ጉንጯ እንዲያርፍበት አድርገን አሳጠርነው። ብረት ላይ ካደረግሁት ሥራ ሁሉ ያንን ትንሽ ቁልፍ እወደዋለሁ።

ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ደወለችልን። ኑና እዩ አለች። ከሄንክ ጋር ወደ ፖልደሩ ሄድን። ከአንድ የውኃ ቦይ ዳር ከኋላዋ ተቀመጥን። ሕጉ እንደሚያዘው የጥይት ማከማቻው ሁለት ጥይት ብቻ እንዲይዝ ውስጡ ዘንግ የገባበትን ከታች ጣዩን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ከዚያ ዝይዎቹ ዝቅ ብለው መጡ።

ጠመንጃውን ወደ ትከሻዋ አነሣች። አመጣጣቸው ምቹ ነበር፤ እኔ ብሆን እተኩስ ነበር። እሷ ግን አንገቷን ሙሉ ወደ ቀኝ፣ ወደማታይበት ጎን አዞረች። በዚያ ጎን ባለው የአፈር ግድብ ላይ ሁለት ብስክሌተኞች ብቅ ብለው ነበር። ጠመንጃውን አወረደች። የሠራሁት ቁልፍ ሲገፋ ሰማሁት። መንጋው በላያችን አልፎ ሄደ።

"ያ ጎን አሁን አይታየኝም" አለች ወደ ፊት እያየች። "ስለዚህ ሁልጊዜ ዞሬ አየዋለሁ።"

ብስክሌተኞቹ ርቀው ሌላ መንጋ እስኪመጣ ጠበቀች። ተኮሰች፣ ቀኝ ክንዷ እስከ መጨረሻው ሳበ፣ ደግማ ተኮሰች፣ ደግማ ሳበች። ሁለት ዝይ ሣሩ ላይ ወደቁ። ሁለቱ ቀለሆች እግሯ ሥር ነበሩ። ጎንበስ ብላ አንሥታ ኪሷ ከተተቻቸው።

ወደ ሮተርዳም ስንመለስ፣ ስኪፖልን ካለፍን በኋላ፣ ሄንክ የተናገረው ስለ ሁለተኛው መንጋ አልነበረም። በመጀመሪያው መንጋ ጠመንጃዋን ስታወርድ ያየሁት፣ በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል አለ።

ሄንክ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ለሌላ ሰው አስረከበ። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁንም ወጣቶች ከአራቱ የትኛው ይበልጣል እያሉ ይጠይቁኛል። ሽማግሌው ይለሰልሳል፣ ቀላሉ ሁሉን ይችላል፣ ጣሊያኑ ይፈጥናል፣ ከታች ጣዩ ለግራ ትከሻ ይመቻል። ግን ጠመንጃ ከመደርደሪያ ከመውረዱ በፊት የሚገዛው ሰው ዓይኑ፣ ትከሻውና ክንዱ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ከባድ አይደለም።