ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ፣ ከምትጮኸው ሳጥን ጋር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

በአርባ ሦስት ዓመቴ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ። ቀልድ አይደለም፤ ቅጹ ላይ ስሜ "ረዳት" በሚለው ቦታ ተሞልቷል። በሙያዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የእህቴ ባል ጋሽ ደምሴ የራሱን መኪና ይዞ በአንድ ትልቅ የጭነት ድርጅት ሥር በኮንትራት ሊሠራ ነው፤ መኪናው የእሱ፣ ጭነቱ የድርጅቱ። ከመፈረሙ በፊት ግን የሙከራ ጉዞ አለ፤ ሲሚንቶ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ማሾ ወደ አዲስ አበባ። ከተመዘገበ ረዳት በቀር ሰው ማሳፈር ክልክል ነው። የእሱ ረዳት ሊሞሸር አገሩ ገብቷል። እኔ ደግሞ ትምህርት ተዘግቷል፤ ስለ ጣርማ በር ቁልቁለት ሃያ ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን ወርጄው አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል። አሁን ጭነቱን ትልልቆቹ ስለያዙት መኪናው ሦስት ወር በር ላይ ቆሟል። ስሙ ጉልቤ ነው፤ ግንባሩ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት አንድ ገዢ መጥቶ ጎማውን በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሄደ። ሙከራው ካልተሳካ ጉልቤ ይሸጣል። እህቴ ስትሸኘን፣ "አደራሽን፣ ከሰው ጋር ወሬ እንዳይዝ" አለችኝ።

ከመሪው በላይ ድርጅቱ የገጠማት ጥቁር ሳጥን አለች። ከደብረ ብርሃንና ከሸዋ ሮቢት ሌላ የትም ቦታ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከቆምን ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ ቢሮም ይመዘገባል። ሦስት ጊዜ ከጮኸች አበቃ።

"እንደ አማቴ ናት፤ የማታየው የለም" አለ ጋሽ ደምሴ።

አማቱ እናቴ ናት። ለመጣላት መንገዱ ገና ረጅም ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፤ ደብረ ብርሃን

የመጀመሪያዋ ጩኸት ሸኖ ላይ በእኔ ምክንያት መጣች። ያጣደፈኝ ብርዱ ነው። ሜዳው ላይ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ የለም፤ ራቅ ብዬ ሄጄ ስመለስ ሳጥኗ ትጮሃለች፣ ጋሽ ደምሴም መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። "ምክንያት ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?" አለኝ።

ደብረ ብርሃን ሻይ በዳቦ። ተነስተን ትንሽ እንደሄድን እህቴ ደወለችለት። አላነሳም። "እየነዱ ስልክ ክልክል ነው ይላል፣ አንቀጽ አራት" አለ። ሰውየው ውሉን እንደ ዳዊት ሸምድዶታል።

4 ሰዓት ተኩል፤ ጣርማ በር

ጉም። መንገዱ ከሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ እትዬ ዘነቡ ቆሎ ይሸጣሉ። ጋሽ ደምሴ እዚህ ቆሎ ሳይገዛ አልፎ አያውቅም።

"ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል" አለ። እኔ ወርጄ ጎማው ሥር የእንጨት ታኮውን አደረግሁ።

"ደምሴ፣ ምነው ጠፋህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ወገብህን ተሻለህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ? ጉልበትዎ? ልጅዎ ከአረብ አገር ደወለች?"

ላማቸው ወልዳ እንደሆን ገና ሳይጠይቅ ሳጥኗ ጮኸች። ሁለት። እትዬ ዘነቡ ወደ ሳጥኗ ዞረው፣ "ምን ትላለች ይቺ? እየተነጋገርን አይደል?" አሉ።

ታኮውን ላነሳ ስወርድ ጋሽ ደምሴ ተከተለኝ። ታኮው ያለው በዳገቱ በኩል ነው። "ወርቂቱ፣ መኪና ሽቅብ ይንከባለላል ብለሽ ነው የምታስተምሪው?" አለኝ። ይህንን ተማሪዎቼ ባያነቡት ደስ ይለኛል።

ዋሻውን ወጥተን ስንወርድ አስፋልቱ ላይ ቅጠልና ድንጋይ ተደርድሯል። ቀጥሎ የቆመ መኪና፣ አጠገቡ ጀሪካን የያዘ ሰው። በዚህ ቁልቁለት የቆመ ሹፌርን ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። መርዳት ባትችል እንኳ ወርደህ "ምን ሆነህ ነው?" ትለዋለህ። ሦስት ደቂቃ ግን፣ አሁን እንዳየነው፣ ለሰላምታውም አትበቃም። ጋሽ ደምሴ ቀስ አለ። ሳጥኗን አየ። ሰውየው እጁን አነሳ። ጋሽ ደምሴም ሰላም እንደሚል ሰው እጁን አነሳና አለፈው።

7 ሰዓት፤ ሸዋ ሮቢት

ከደብረ ሲና እስከ አርማኒያ ከተማ የኋላውን መስተዋት ደጋግሞ ሲያይ ነበር። "ምን ታደርግ ነበር?" ስለው "ዝም በይ፣ ረዳት" አለኝ።

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ፤ ጠዋት የለበስኩትን ሁሉ ታቅፌ ቀረሁ። ባጃጅ በባጃጅ ላይ፣ የፓፓያ ክምር፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ በመሀል አስፋልቱን የሚያቋርጡ ግመሎች። የሲሚንቶው ባለቤት ሐጂ ሰይድ በመደብራቸው በር ላይ ሽርጣቸውን አሸርጠው ጠበቁን።

"ማሻአላህ፣ በሰዓታችሁ ደረሳችሁ። አንድም ከረጢት አልተቀደደም" አሉና ሲሚንቶው ተራግፎ ሲያልቅ ምሳ ጋበዙን። ጥብሱ ያማረ ነበር። ጋሽ ደምሴ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ መልሶ አስቀመጠው።

"ሐጂ፣ ዛሬ የቆመ ሰው አልፌ መጣሁ።"

"ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

"አልጠየቅሁትም።"

ሐጂ ሰይድ ማኘካቸውን አቆሙ። "አንተ?" አሉ። እጃቸውን ጠርገውም፣ "ማሾው ነገም ይጫናል። እህል እግር የለውም" አሉት።

ጋሽ ደምሴ ተነሳ። "ሦስተኛዋ እኮ ናት! ጉልቤ ይሸጣል!" አልኩ። ተናደድኩ፤ እህቴን ምን ልላት ነው?

"አውቃለሁ" አለ።

እኔም ግን የሰውየውን ፊት አይቼው ነበር። ጥብሱን አንዴ ጎርሼ ተከተልኩት።

9 ሰዓት ተኩል፤ እንደገና ቁልቁለቱ

ሰውየው ጀሪካኑ ላይ ተቀምጧል። "አንተ ቅድም እጅህን ያወዛወዝክልኝ አይደለህም? ሠርገኛ መስለኸኝ እልል ልልልህ ነበር" አለ።

"አልፌህ ነበር። ይቅርታ" አለ ጋሽ ደምሴ። "ምን ሆነህ ነው?"

ቺንጋው ተበጥሶበት ነው፤ የሞተሩን ማቀዝቀዣ የሚያዞረው ቀበቶ። ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫው ሥር ትርፉን አወጣ። እኔ ታኮውን በትክክለኛው በኩል አደረግሁ፤ ማንም አላመሰገነኝም። ሳጥኗ አርባ ደቂቃ ሙሉ ጮኸች። ጋሽ ደምሴ እጁ በግራሶ ስለተለወሰ ከቢሮ ሲደወል እኔ አነሳሁ።

"መኪናችሁ ተበላሸ?" አለ አንድ ሰው።

"የእኛ አይደለም። የሌላ ሰው ነው።"

"የማን?"

ስሙን አልጠየቅንም ነበር። ጋሽ ደምሴ "እናትህ ደህና ናት?" ሲለው ነበር፤ ከእናቱ ጤና በቀር የማውቀው የለኝም።

ሐሙስ፣ 4 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

ረቡዕ ማሾውን ጭነን ተመለስን፤ ሳጥኗም አልጮኸችም። ዛሬ የድርጅቱ ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ወይዘሮ፣ ወረቀቱን አነበቡ።

"ሦስት ጊዜ። አርባ ደቂቃ! ያውም ተመልሰው ዳገት ወጥተው። ይሄ አይፈረምም፣ ጋሼ።"

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "አይፈረምም ካሉ ይሁን። ግን የእናንተም መኪኖች በዚያ ይወርዳሉ፤ አንድ ቀን አንዱ ይቆማል። ያን ዕለት የሚያልፈው ሹፌር ሁሉ እንደኔ እጁን አንስቶ ቢያልፍ ይሻላችኋል?"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወረዱ። ወረቀቱን እንደገና አነበቡ። ከዚያ ሦስተኛዋን ጩኸት በእስክሪብቶ ሰረዙና ውሉን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

"ለወደፊቱ ግን እንዲህ ያለ ሲገጥምዎ መጀመሪያ ይደውሉ፤ ሲፈቀድ ይቁሙ።"

"አንቀጽ አራት እየነዱ መደወል ክልክል ነው ይላል" አለ ጋሽ ደምሴ ረጋ ብሎ። "እንግዲህ ቆሜ ነዋ የምደውለው።"

ሴትዮዋ ሳቃቸውን በወረቀቱ ሸፈኑ። ፈረመ።

በጉልቤ ከግቢው ወጥተን መቶ ሜትር አልሄድንም። መታጠፊያው ላይ አንዲት አሮጌ ታክሲ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ጋሽ ደምሴ ጥግ ያዘ። ሳጥኗ መጮህ ስትጀምር ስልኩን አወጣ።

"አቤት፣ ደምሴ ነኝ" አለ። "ቆሜያለሁ፤ ይኸው እየደወልኩ ነው።"

እኔ ታኮውን ይዤ ወርጄ ነበር።