ለዓይኔ የተሰጠው የአምስት ዓመት ቀጠሮ

ከደሴ የወጣሁ ሌሊት ታናሽ እህቴ ዘነበች የሻንጣዬን ቁልፍ የዘጋችው በዳበሳ ነው። የሁለታችንንም ዓይን ሞራ እየጋረደው ነበር። ሞራ በነጻ የሚገፍፉ ሐኪሞች ሊመጡ ነው ተብሎ ጤና ጣቢያ ተመዝግበን ሳለ፣ እኔ ሆዬ ስሜን አሰረዝኩ። «አሜሪካ ሐኪም አጣ እንዴ? ተራዬን ለሌላ ስጡልኝ» አልኩ፣ ቸር መሆኔ ነው። ዘነበችም «እውነትሽን ነው፣ እዚያ በአንድ ቀን ያበሩልሻል» ብላ ሳመችኝ።

ልጄ ታምራት የሚኖረው አርሊንግተን ነው፣ አበሻ የሞላበት ሳይሆን በደቡብ በኩል ያለው ሞቃቱ። እዚህ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው፤ ባቡር የለ፣ አውቶቡስ የለ። ደሴ ጉም ሲወርድ ጋቢ እንደርባለን፤ እዚህ ውጭው እንደ ምድጃ እየነደደ እኔ ቤት ውስጥ በኤሲ ብርድ ጋቢ እደርባለሁ። ቲማቲሙ እንኳ መልክ እንጂ ጣዕም የለውም። ቢሆንም ሆቴል ሥራ ገብቼ አንሶላ አጥፌያለሁ፣ ታክስ ተቆርጦብኛል። ያደፈውን ከንጹሑ መለየት ሲያቅተኝ አሰናበቱኝ።

ታምራትም መጋዘን ሲሠራ ወገቡን ተጎዳና ሥራው ቀነሰ። ሲጨንቀው ዓይኔን ለማሳከም እርዳታ ወደሚጠየቅበት የሆስፒታል ቢሮ ወሰደኝ። ሠራተኛዋ ያነጋገረችኝ በስልክ አስተርጓሚ ነው።

«ሶ እናቴ፣ ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት ስላልሞላዎት የመንግሥት ኢንሹራንስ አያገኙም ነው የምትለው» አለ አስተርጓሚው።

«ዓይኔ አምስት ዓመት አይጠብቀኝም በልልኝ፣ ልጄ።»

ነገራት። «አዝናለሁ ትላለች።»

እኛ ቤት እኮ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእንግዳ ነው! ታክሱን ሲቆርጡብኝ ዜጋ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

«ማለቴ፣ አንድ መንገድ አለ ትላለች» አለ አስተርጓሚው። «ልጅዎ ሲያመጣዎት እኔ እጦራታለሁ ብሎ ፈርሟል። አሁን አቅም አንሶት ካልረዳዎት ግን ሆስፒታሉ ራሱ በነጻ ሊያክምዎት ይችላል። ልጅዎ ይረዳዎታል ወይ?»

ታምራት አጠገቤ አቀርቅሯል። በሰው ፊት ልጄ ሊጦረኝ አልቻለም ልበል? የትኛዋ እናት ናት እንዲህ የምትል? «ተመስገን፣ ልጄ ምንም አላጎደለብኝም» አልኩ። ሠራተኛዋ ጻፈችው፣ በዚያው ተዘጋ።

መኪና ውስጥ ታምራት፣ «እማዬ፣ አይችልም ብትያት ምን ነበረበት? አፕላይ ያደረግነው ለዚህ እኮ ነው» አለኝ።

«አንተን አዋርጄ?»

በማግስቱ ተመልሰን ብንለምንም ቃልሽን ሰጥተሻል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የልጄን ፊት የማውቀው ከትዝታዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ዘነበች በቪዲዮ ደወለች።

«እቴቴ፣ ሐኪሞቹ በመጨረሻ መጥተው ሞራው ተገፈፈልኝ! ሰው ሁሉ አዲስ ሆነብኝ! ውይ፣ አንቺ ግን ምነው ከሳሽ? ዓይንሽስ?»

«ድሮ ተገፈፈልኝ እኮ» አልኳት። እንደ ቢሮዋ ሠራተኛ ሁሉ ለእሷም ጉድለቴን ሸሸግኩ።

«እሰይ! በይ እዪ እንግዲህ!»

ስልኩን አስጠጋሁት። ጉም ብቻ ነው።

«በጣም አምሮብሻል» አልኳት።

ቀስ ብላ፣ «እቴቴ» አለችኝ፣ «ስልኩን ወደ ጦሳ ተራራ እኮ ነው ያዞርኩልሽ።»