ጄሪካኔን ያስቀመጥኩበት ቦታ

ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት የቀረሁት በውሃ ምክንያት ነው። ነገሌ ውስጥ የእኛ ሰፈርና ትምህርት ቤቱ ከጎርፍ መውረጃው ወዲህ ናቸው፤ ውሃ የምንቀዳበት ቦኖ ግን ማዶ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ እስኪጎድል ማዶ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ስመለስ ትምህርት ተጀምሯል። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሌላ የሚቀዳ አልነበረም። በኋላ እኔ ልብስ ሰፊ ቤት ሥራ ስገባ፣ ከእሑድ በቀር ጄሪካኑ ወደ ታናሽ እህቴ ዞረ። እሷም ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ነበር።

ያኔ አዲስ ቦኖ ሊሠራ ነው ተብሎ ሰፈሩ እሑድ ሜዳ ላይ ተጠራ። እኛ ሴቶች ከስብሰባው በኋላ ውሃ ስለምንወርድ ባዶ ጄሪካኖቻችን ላይ ተቀመጥን። ወጣቱ መሐንዲስ ወረቀቱን ዘርግቶ ቦታውን አሳየ። እንደገና ማዶ ነው።

«ቧንቧው በዚያ ስለሚያልፍ ይቀላል። ሐሳብ ያለው?» አለ።

ወንዶቹ ስለ ቧንቧው ውፍረት ብዙ ተናገሩ። ጎርፉን ያነሳ የለም። እኔ በሰው ፊት ድምፄ ስለሚጠፋ የሻርፔን ጫፍ ማፍተልተል ያዝኩ።

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ቆላ ባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ላይ የከብት ተራ ሲያስይዙ የኖሩ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ከተናገሩት ውስጥ ውሃ የሚቀዳ ማን አለ? እኔም አልቀዳም» አሉት። ሰው ሳቀ።

«ሴቶቹ እኮ አይናገሩም፣ አባባ።»

«ተራ ሲይዙ አላየህም? ጄሪካናቸው ይቆምላቸዋል።»

እውነት ነው፤ እኛ ጋ ባዶ ጄሪካን ባለቤቱን ይተካል፤ ማንም ከቦታው አያነሳውም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቦኖው የት ይሁን? ሂጂ አስቀምጪ።»

ጄሪካኔን አንስቼ ሄጄ ከጎርፉ መውረጃ ወዲህ፣ ግራሩ ሥር ከፍ ያለው መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ስኳር እንኳ በጣቷ እያሳየች ነው ከእኔ የምትገዛው፤ ዛሬ ቦኖ ታዛለች» አለ ባለሱቁ።

ጎረቤታችን ልጇን እንዳዘለች ተነስታ የእሷን ከኔው ኋላ አኖረች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። የሚሰማው የፕላስቲክ ኮሽታ ብቻ ነበር። ቢጫው ሰልፍ እስከ ሜዳው ጫፍ ደረሰ። ያን ሁሉ ዘመን ውሃ ስንጠብቅ የተሰለፍነው ሰልፍ ነው፤ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

መሐንዲሱ እኔን ጠየቀኝ። «ለምን እዚያ?»

«ጎርፍ» አልኩ። በጣቴ ወደ መውረጃው ጠቆምኩት።

መውረጃው ውስጥ ገባ። ጎርፍ ያመጣው ገለባ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ ቆሞ ሲለካው ከደረቱ ላይ ደረሰ። ወጥቶ ወረቀቱ ላይ ያለውን ምልክት ሰረዘ። «በቃ፣ ቧንቧው ይሻገራል» አለ።

ዛሬ ማለዳ ዘንቦ ጎርፉ እቤት ድረስ ሲያገሳ ይሰማ ነበር። እህቴ ከግራሩ ሥር ቀድታ መጣች፤ ጄሪካኑን በሩ ላይ አስቀምጣ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ ደወሉ ገና አልተደወለም።