አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና
ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት እኔና ባለቤቴ ልጅ ለማግኘት ከምንታከምበት የአዲስ አበባ ክሊኒክ ነው።

"በኮሮናው ምክንያት አስቸኳይ ያልሆኑ ሕክምናዎች ቆመዋል" አለችኝ ነርሷ።

"የእኔስ?"

"ያው፣ አስቸኳይ ያልሆነው ነዋ፣ እህቴ።"

አርባ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ለሕክምናው የገዛኋቸው መርፌዎች ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጎን ተቀምጠው የወር አበባዬን ይጠብቃሉ። ስልኩን ዘግቼ ጨርቁን አጣምሜ ቆረጥኩት። ደንበኛዋ ጮኸችብኝ፤ እኔም ጮህኩባት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። ልገድለው ምንም አልቀረኝም። በየወሩ እያለቀ ያለው የእኔ እንቁላል መሆኑን ሐኪሙ ለሁለታችንም ነው ያስረዳን። "የእኔ እንቁላል እግር አውጥቶ የሚሄደው ከእኔ ነው!" አልኩት።

ጎረቤቴ ደግሞ ባሰች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ አራቱ ልጆቿ ግቢውን ሲያምሱ በአጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "አንቺስ ታድለሽ!" አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው፤ ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። እስከ ዛሬ ሰላም የምላት በአንገቴ ብቻ ነው።

ክሊኒኩ ሲከፈት ደወልኩ፤ ወረፋ ጠብቂ አሉኝ። በዚያው ሰሞን እኛ በምንኖርበት በቱላ ድንኳን ተጥሎ ሠርግ ይጨፈር ነበር። ሠርግ አስቸኳይ ነው ማለት ነው። ወረፋዬ ሲደርስ እኔው ራሴ በበሽታው ተያዝኩ። ካገገምሽ በኋላ ሦስት ወር ቆዪ አሉኝ። የመርፌዎቹ የመጠቀሚያ ጊዜ አለፈ። ባለቤቴ ሊጥላቸው ሲል እጁን መታሁት፤ በማግስቱ ራሴ ጣልኳቸው።

አዲስ አበባ ስንደርስ የምናውቀው ሐኪም ለቋል። በቦታው ታናሽ ወንድሜ የሚሆን፣ ማስክ ያጠለቀ ወጣት ተቀምጧል። የደም ምርመራዬን ውጤት አየ፤ የልደት ዘመኔን አየ። እዚያ ክሊኒክ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም "አንቺ" ነበር የሚሉኝ። እሱ ግን በአንቱታ ጀመረ።

"በራስዎ እንቁላል እንዲሞክሩ አልመክርዎትም" አለኝ። ቀጥሎም በሐዘኔታ ድምፅ "ምነው እንዲህ ዘገዩ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የምወረውር መስሎት ነው። እኔም መስሎኝ ነበር።

"ፋይሉን ወደ ኋላ ግለጠው፣ ልጄ" አልኩት።

ማንንም ልጄ ብዬ ጠርቼ አላውቅም ነበር።