ለሚስቴ ያስረዳሁት ማውስ

በሐይቅ ከተማ ፕሮግራም በመጻፍ አንደኛ እኔ ነኝ። ሁለተኛም እኔው ነኝ፤ ሌላ ስለሌለ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከስልክ ላይ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ችግሩ ጉራዬን የሚሰማ የለም። ትሰማኝ የነበረችው ሚስቴ ናት፤ እሷ ሪያድ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ከእኔ ድምፅ ሌላ አያውቅም።

ኮንትራቷ እያለቀ ነበር። ትመጣ እንደሆነ ቁርጡን ጁምዓ እነግርሃለሁ ብላኛለች።

ያን ሰሞን ለአንድ መድኃኒት ቤት ፕሮግራም እሠራ ነበር። እያንዳንዱ መድኃኒት ስክሪኑ ላይ የራሱ ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ውስጥ ስሙና ስዕሉ ተቀምጧል። ማውሱ ሲገባ ሳጥኑ አረንጓዴ ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ጌጥ ካልጨመርኩ እኔ አይደለሁም። ግን ማውሱ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ስሙ ላይ ሲደርስ መብራቱ ድርግም ይላል። ሳጥኑ፣ ማውሱ ወጥቶ የሄደ ይመስለዋል።

ጁምዓ ከሶላት መልስ ደወለች። ቁርጡን መጠየቅ ፈራሁና ስለ ማውሱ ለፈለፍኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰላምታ የለም እንዴ?»

«ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ። እና ስሙ ላይ ሲደርስ ይጠፋብኛል።»

«ቆይ፣ ስሙ ያለው የት ነው?»

«ሳጥኑ ውስጥ።»

«ታዲያ ከሳሎን ጓዳ የገባ ሰው ከቤት ወጣ ይባላል? ሳጥንህ መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት ሰውየው ቤት ውስጥ መኖሩን አያይም?»

ወላሂ፣ መልሱ እሱ ነበር። ወጣ ሲባል አለማመን፤ ማውሱ የት እንዳለ ጠይቆ፣ ከሳጥኑ ወሰን ካላለፈ መብራቱን አለመንካት።

«እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር» አልኳት።

«ውሸታም» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝማ፣ ኮንትራቱን አድሼዋለሁ። ሁለት ዓመት ነው። የጀመርነው አዲሱ ቤት ጣሪያ ሳይለብስ ምን ብዬ ልምጣ? አብሽር።»

«አብሽር» አልኳት። አሠሪዋ ተጣራችና ስልኩ ተዘጋ።

ኮዱን ጻፍኩት፤ ሠራ። ማውሱን ከስሙ ወደ ስዕሉ ባመላልሰው መብራቱ ንቅንቅ አይልም። ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩና ለባለመድኃኒት ቤቷ አሳየኋት።

«ይኸው፣ አይጠፋም።»

«ድሮስ ለምን ብሎ ይጠፋል?» አለችኝ፣ ለደንበኛ ሽሮፕ እያወረደች።

ወጥቼ አንድ ባጃጅ አቆምኩና ሾፌሩን «ማውስ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ትገባለህ ወይስ ልለፍ?»

ቤቴ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ግን ራቅ ብሎ እስካለው የአርዲቦ መገንጠያ ውሰደኝ ብዬው ገባሁ፤ መንገዱን ሙሉም ስለ ሳጥኑ አወራሁለት።