ጉድጓዱ አጠገብ ያለው መደብ

ዶናታ ውሃ የምትቀዳው ከአደባባዩ ቧንቧ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሁለት ባልዲ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራት። ኖራ የተቀቡትን ግንቦች ተከትላ አራት መቶ እርምጃ ያህል ትሸከምና የጓሮውን በር በጉልበቷ ገፍታ ትገባለች። መጀመሪያ ሰላጣውን፣ ቀጥሎ ቆስጣውን፣ በመጨረሻ ቺኮሪያውን፣ ያን መራራ ጎመን መሳይ ቅጠል፣ ታጠጣለች። ቺኮሪያውን የምታጠጣው በጣሳ፣ ሥር ሥሩን እያለች ነው፤ ቅጠሉን አታረጥብም።

በጓሮው መሐል አፉ በወፍጮ ድንጋይ የተከደነ ጉድጓድ አለ። በክረምት የጣሪያው ዝናብ በቦይ ወርዶ እዚያ ስለሚገባ፣ ሙሉ ውሃ ተኝቶበት እንደሚኖር መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ሆኖም ለምን አደባባይ ድረስ እንደምትለፋ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። ታናሽ እህቷ ቪታ በስምንት ዓመቷ የሞተችው እዚያ ገብታ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል። አባታቸው ከሐዘኑ በኋላ አርጀንቲና ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ዶናታ አርባ ሦስት ዓመት ሞላት፣ አላገባችም፤ እናቷ ኢፖሊታ ጥርሶቿ አልቀው የምትበላው የባቄላ ክክና የተቀቀለ ቅጠል ብቻ ሆነ። የቪታ ስም በዚያ ቤት አይነሳም ነበር።

አንድ ነገር ግን ነበር። ጉድጓዱ አጠገብ ያለው የቺኮሪያ መደብ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይለመልማል። እርጥበቱ በጉድጓዱ ግድግዳ ስንጥቅ እየሾለከ እንደሚደርሰው ዶናታ ታውቃለች። ታውቃለች እንጂ አንድም ቀን ከዚያ መደብ ቆርጣ ድስት ውስጥ አልጨመረችም። ያን የምታጭደው ለጥንቸሎች ነበር። ውሃ በምታጠጣበት ጊዜም ለድንጋዩ ጀርባዋን አትሰጥም። አንዳንድ ቀን ከሥሩ ጠብ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ሌላ። ያኔ ጣሳው እጇ ላይ እንዳለ ቆማ ሦስተኛውን ትጠብቃለች።

የዚያን ዓመት በጋ ከመጋቢት ጀምሮ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። በዚያ አገር ድርቁ በሚበረታበት በነሐሴ ቧንቧው በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲከፈት፣ ለአንድ ቤትም ሁለት ባልዲ ብቻ እንዲሰጥ ተባለ። ዶናታ የክረምቱን ቺኮሪያ ገና መትከሏ ነበር። ችግኙ ቀትር ላይ አንገቱን ይደፋል፤ ሰሞኑን ግን ማታም ቀና ማለት ትቷል።

ወረፋው ላይ ጎረቤቷና አበልጇ ፓስኳሊና ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣበታለች።

"አበልጄ፣ አንቺ ሳትጠጪ ቅጠልሽን ታጠጪያለሽ አሉ! ምነው እኔንም ሰላጣ አድርጎ በፈጠረኝ!"

ሴቶቹ ሳቁ። ዶናታም እንደ መሳቅ አለች። ፓስኳሊና ግን ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች።

"ቀልዴን ነው። ግን ስሚኝ፣ እኔ ብሆን አስከፍተው ነበር።"

"ምኑን?"

"ምኑን እንደሆነማ ታውቂዋለሽ።"

ዶናታ በዚያው ወደ ግንበኛው ኮሲሞ ቤት ሄደች። ያኔ በጎልማሳነቱ ወገቡን በገመድ ታስሮ ወርዶ ቪታን ያወጣት፣ ድንጋዩንም የከደነው እሱ ነው።

"አጎቴ ኮሲሞ፣ ድንጋዩን እንድታነሳልኝ ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ልጄ፣ የከደንኩት በእናትሽ ቃል ነው። እሷ ክፈት ካላለችኝ አልነካውም።"

ቤት ስትገባ ኢፖሊታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች።

"እማ፣ ችግኙ ሊሞት ነው።"

"አይቼዋለሁ።"

"ጉድጓዱን ላስከፍት ነው።"

"ትነግሪኛለሽ ወይስ ትጠይቂኛለሽ?"

ዶናታ "እጠይቅሻለሁ" ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

"የዚያን ቀን ውሃ የመቅዳት ተራው የኔ ነበር።"

የአሮጊቷ እጅ ባቄላው ላይ ቀረ።

"የበለስ ዛፉ ላይ ወጥቼ እየበላሁ ነበር። መውረድ ሰለቸኝ። 'ዛሬ አንቺ ቅጂልኝ፣ ቀዩን ሪባኔን እሰጥሻለሁ' አልኳት። ወረወርኩላት፣ አሰረችው። ባልዲውን ስትጥል አየኋት። ከዚያ ሌላ በለስ ልቆርጥ ዞር አልኩ።"

"አውቃለሁ" አለች ኢፖሊታ።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ሪባኑን ከፀጉሯ የፈታሁት እኔ ነኝ። ስትተኚ እንኳ ከራስሽ የማታወርጂውን ሪባን። ውሃው አጥብቆት በጥርሴ ነው የፈታሁት። ይሄን አይቼ የማላውቅ ይመስልሻል?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ? አንድ ወር ሙሉ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። ጠዋት ማታ የማገኝሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመሽ ነበር። አንዷን ቀበርኩ፣ ሁለተኛዋንም ልጨምር? ድንጋዩን ያስጫንኩት ባንቺ ምክንያት ነው።" ዓይኗን ወደ ባቄላው መለሰች። "ኋላ ደግሞ ፈራሁ። ማወቄን ካወቅሽ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ አልኩ። አባትሽም ሄዷል።"

ዶናታ አለቀሰች ወይም ቀለላት ማለት አይቻልም። ለብቻዋ የተሸከመችው መስሏት የኖረችውን ነገር ሌላ ሰው በየቀኑ ሲያየው እንደኖረ ነበር የገባት። ዳቦ ሲቆረስላት፣ ፀጉሯ ሲበጠር፣ ታማ ስትታጠብ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እነዚያ ዓይኖች ያውቁ ነበር።

"ኮሲሞን ክፈት ብላለች በይው" አለች እናቷ። "ሳይመሽ።"

ኮሲሞ ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር መጥቶ ድንጋዩን በብረት ፈነቀሉት። ድንጋዩ ሲንሸራተት ከታች የወጣው አየር ቀዝቃዛና ጭቃ ጭቃ የሚል ነበር። ውሃው ሩቅ አልነበረም፤ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ዶናታ ጎንበስ ስትል ውሃው ላይ ሰማዩን፣ በሰማዩም መሐል ቀና ብላ የምታያትን ትንሽ ራስ አየች። የራሷ ጥላ መሆኑን ከማወቋ በፊት ስሙ ከአፏ አመለጠ።

"ቪታ!"

ጉድጓዱ ስሙን ትንሽ ዘግይቶ፣ ቀጠን አድርጎ መለሰው። ኮሲሞ አማተበ። ከልጆቹ አንዱ ወደ በሩ አፈገፈገ።

ባልዲውን የጣለችው ዶናታ ራሷ ናት። ጎትታ አወጣችውና ጠርዙ ላይ አስደግፋ ቆመች። ኢፖሊታ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ታያታለች።

"አጠጪው እንጂ!" ብላ ጮኸች አሮጊቷ። "ለነገ ልታቆዪው ነው እንዴ?"

ዶናታ አጠጣች። እስኪጨልም ድረስ እየጎተተች፣ መደብ በመደብ፣ ሥር ሥሩን አጠጣች። በማግስቱ ጠዋት ችግኙ ግማሽ ያህሉ ቀና ብሎ ተገኘ፤ ሌላው ግማሽ ደርቆ ቀረ። በኅዳር ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው መደብ የመጀመሪያዋን ቺኮሪያ ቆርጣ ከባቄላ ክክ ጋር ሰራችው። ኢፖሊታ አንድ ጉርሻ በላች፣ ቆየች፣ ሳህኑን ጨርሳ ደገመች። ስለ ጉዳዩ ግን ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አሮጊቷ በየካቲት አረፈች።

ዶናታ ብቻዋን ብዙ ዓመት ኖረች። ልጆች ወደ ጓሮዋ እንዲገቡ አትፈቅድም፤ ቅጠል ሊጠይቁ ሲመጡ በግንቡ ላይ ታቀብላቸዋለች። የቧንቧ ውሃ በየቤቱ ሲገባም ማድ ቤቷ ድረስ አስገባች እንጂ ወደ ጓሮው እንዲዘረጉ እንቢ አለች። አመሻሹ ላይ ፓስኳሊና በግንቡ ወዲያ አጮልቃ ስታያት፣ ዶናታ ባልዲውን ጥላ ገመዱን ይዛ፣ ጆሮዋን ወደ ጉድጓዱ አዘንብላ ትቆማለች፤ ባልዲው ሞልቶም፣ ሰምጦም፣ ቶሎ አትጎትተውም።

"ምን ትጠብቃለች?" አለች አንድ ቀን ፓስኳሊና ለኮሲሞ።

"ተያት" አለ ሽማግሌው።