ሰባት ፈረሰኛ ለውዱ ጀልባ

እሰይ! እንኳን ደስ ያላችሁ! ተገኙ! ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ብርቅ የሆነበት ማኅበር ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ አገኘ! የማን ማኅበር እንደሆነ መቼም አትገምቱም፤ ስለዚህ ከሥሩ ላጫውታችሁ።

የከተማችን የቆሰበር ልጅ ውዱ ባሕር ዳር ወርዶ፣ ጣና ላይ የሸራ ጀልባ ሲነዳ ኖሮ፣ አምና ነው የተመለሰው። አናጢነት ያዘ እንጂ ልቡ ውኃው ላይ ቀርቷል። ከከተማችን ወጣ ሲሉ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ክብ፣ ዙሪያው ገደል፣ ጠዋት ሲያዩት ሰማያዊ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቁር። ውዱ በጥድ ሳንቃ ጀልባ ሠራ፤ ከነጋዴው ከዓብዱልሀሚድ ሱቅ አቡጀዲ ገዝቶ ሸራ ሰፋ። ከዚያ «የዘንገና የጀልባ ማኅበር» ብሎ ሰው መመልመል ጀመረ።

ማን ይግባለት! «ዓሣ ነኝ ወይ?» ይለዋል አንዱ። «እኔ ስሞት አፈር እንጂ ውኃ አልለብስም» ይለዋል ሌላው። ውዱ አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። የእኛ አገር ሰው ማንን ይከተላል? ፈረሰኛን። ከፈረሰኛስ? የእህቱን ባል ዓለምነውን። እሱ አንድ ቀን ጀልባዋ ላይ ከታየ የፈረስ ሜዳው ሰው ሁሉ ተግተልትሎ ይገባል።

እህቱ እታለማሁ ይህን ስትሰማ የያዘችውን እንስራ አስቀመጠች።

«ወንድምዓለም፣ ከዚህ ሁሉ ወንድ የኔን መረጥህ?»

«እኔ እያለሁ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«አንተማ ዋና ትችላለህ። እሱ ወንዝ የሚሻገረው በፈረስ ነው። ባሌን ይዘኸው ከሄድህ ይዘኸው ና። ሌላ አልልህም።»

ውዱ ሳቀ። ነገሩ ግን ደረቱ ላይ ተቀመጠበት።

ጥምቀት አልፎ ፈረሶቹ ገና ከነጌጣቸው እያሉ ዓለምነው በዳማ ፈረሱ መጣ፤ ስድስት ጓደኞቹም ተከትለውት መጡ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ዳማው ቆመ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ፤ ቢጎስሙት፣ ቢለማመጡት አንድ እርምጃ አልወርድም አለ።

«ፈረስህ ካንተ ይሻላል!» አሉት ጓደኞቹ።

«እሱ መቼ ተመዘገበና!» አለና ወርዶ በእግሩ ቁልቁል ሄደ።

ውዱ የፈረሱን ዓይን አየ። ወዲያው ፊቱን አዞረ።

«ጋቢህን አውልቅ» አለው ጀልባዋ ዘንድ ሲደርሱ።

«በጀልባ ነው የምንሄደው ወይስ ልንጠመቅ ነው? ተወኝ እባክህ፣ አማቼ።»

ከነጋቢው ገባ። ውዱ የሸራውን ገመድ አስያዘው። «ልብ በል። ይህ ልጓም አይደለም። ነፋሱ ሲጠናብህ ትለቀዋለህ እንጂ አትስበውም። ከለቀቅኸው ጀልባዋ ትበርዳለች።»

«በመልቀቅ የሚቆም ነገር!» ብሎ ሳቀ ዓለምነው። «ይሁን፣ ሰምቻለሁ።»

እስከ መካከል ድረስ እንዴት ያለ ጉዞ ነበር! ገደሉ አፋፍ ላይ የቀሩት ጓደኞቹ ያፏጫሉ፣ ይፎክራሉ። ውዱ ግን ወፎቹ ዝም ማለታቸውን ሰማ። ጣና ላይ ነፋስ ከአንድ ወገን ይመጣል፤ ሲመጣም ውኃውን እያጨማደደ ይናገራል። እዚህ አይናገርም። ቀና ሲል ከማዶ ያሉት ዛፎች ወደ ግራ፣ ከወዲህ ያሉት ወደ ቀኝ ጎንበስ ብለዋል። ነፋሱ ከገደሉ ወርዶ ጎድጓዳው ውስጥ እየዞረ ነው። ሸራው ልምሽሽ አለ። ከዚያ ነፋሱ ከኋላቸው መጣ።

«ልቀቅ!»

የዓለምነው እጅ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደነግጥ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሳብ። ገመዱን የእጁ አንጓ ላይ ጠመጠመና ሳበ።

«ልቀቅ! ዓለምነው፣ ልቀቀው!»

ውዱ በጮኸበት ቁጥር እሱ አጥብቆ ሳበ። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፤ ከዚያ ተገልብጣ ጀርባዋን ሰጠች።

ውዱ ከውኃው ብቅ ሲል ማንም የለም። ጋቢው ከሥር ነጣ ብሎ ታየና ጠፋ። «ይዘኸው ና» የሚለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጮኸ። የተገለበጠችው ጀልባ ላይ ሲንጠላጠል እግሩን አንድ ነገር ነካው፤ ገመዱ ነበር። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ወደ ጥቁሩ ውኃ ይወርዳል። ሳበ። ከበደው። ደግሞ ሳበ። መጀመሪያ እጅ ወጣ፤ ገመዱ አንጓው ላይ እንደተጠመጠመ። ከዚያ ራስ።

ጀልባዋ ላይ አስደግፎት፣ ውኃውን በእግሩ እየመታ ዳር አደረሰው። ዓለምነው በሆዱ ተደፍቶ ውኃውን አስመለሰ፣ አስመለሰ፣ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «አልለቀቅሁም» አለ።

«ይህ ነው ወንድ!» ብለው ከገደሉ እየሮጡ የወረዱት ስድስቱ አገሩን አናወጡት። «እኔንም መዝግበኝ!» «እኔንም!»

«እናንተ ሰዎች፣ ስለያዘ እኮ ነው የሰጠመው!» አለ ውዱ።

«ስለያዘ ነው የወጣው!» አሉት።

እንግዲህ ከነዓለምነው ሰባት! ዛሬ ጠዋት ውዱ ሜዳው ላይ ሰበሰባቸውና ገመድ አስያዛቸው። «እኔ ድንገት ስጎትት እናንተ ትለቃላችሁ። ሌላ ነገር አላስተምራችሁም።» ጎተተ። ሰባቱም ሳቡ፤ ውዱ በግንባሩ ሣሩ ላይ ተደፋ። ሳቁ ቆሰበር ድረስ ተሰማ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ዓለምነው ነው፤ አንጓው ገና እንደጠቆረ ነው። እታለማሁ ከሜዳው ዳር ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም።

ውዱ አፈሩን ከአፉ ጠረገና ተነሣ። «እባካችሁ፣ ልቀቁ» አለ፤ አሁን ድምፁ ልመና ነበር። ጎተተ። ደግመው ሳቡ። ለእሑድ ውኃ እንገባለን ብለው ተቀጣጥረዋል፤ አይሆንም ቢላቸው ጀልባዋን ያለ እሱም ሊያወጧት ነው።

ሰባት ሰው እኮ ነው! አንዲት ጀልባ መቼ ትበቃና! ሁለተኛ ሸራ ያስፈልጋል፤ ዓብዱልሀሚድ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጬ የምሥራቹን ልንገረው፤ አቡጀዲውን ለሌላ ሰው ቆርጦ እንዳይጨርሰው። ገመድም እንዳለው ልጠይቀው፤ የማይበጠሰውን።